ሲን እና ሣእ የሚለዩበት ሳጥን፦ የአሮጌ ስፒከር ክሮስኦቨር እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይታደሳል?



ሲ.ኤም.ሲ ያለውን የደርስ ቤታችንን የምታውቁ ሁሉ ሁለቱን የእንጨት ሳጥኖች ታስታውሷቸዋላችሁ። አንደኛው በወንድሞች አዳራሽ ጥግ፣ ሌላው በእህቶች ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። በሰፈሩ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አባት በ1970ዎቹ ከጅዳ ያመጧቸው ስፒከሮች ናቸው። ለዓመታት የቁርኣንና የመንዙማ ካሴት ሲያደምጡባቸው ከኖሩ በኋላ «ለዒልም ይዋሉ» ብለው ሰጡን። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

ባለፈው ዓመት የተጅዊድ ደርስ ስንጀምር ከእህቶች ክፍል ቅሬታ መጣ። «የኡስታዙ ድምፅ ይሰማል፤ ፊደሉ ግን አይለይም» የሚል ነበር። እኛም ድምፁን ጨመርንላቸው። ቅሬታው ሲደገም አሁንም ጨመርን። አንዲት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ እህት «ሁለቱን ሳጥኖች አቀያይሩና አድምጡ» ብትለንም «ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው» ብለን አለፍናት። በሦስተኛው ሳምንት የእህቶች ሳጥን ትንሿ ድምፅ ማጉያ ጭራሹን ዝም አለች።

ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልናውቀው የሚገባን ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት፣ በተለይ በወላጆቻችሁ ሳሎን፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ሳጥን ስለማይጠፋ እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትደግሙት ብለን ጻፍነው።

«ይሰማል፣ አይለይም» ሲባል

ጤናማ የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ገደማ የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ይህ የንዝረት ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። የንግግር ጉልበት በአብዛኛው ያለው በዝቅተኛው በኩል ነው። አናባቢዎቹ፣ የተናጋሪው የድምፅ ግርማ፣ ሰውየውን በድምፁ የምንለይበት ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን በብዛት ከ2000 ኸርዝ በላይ ይገኛሉ፤ ጉልበታቸውም ትንሽ ነው።

ተጅዊድ የተማራችሁ ሑሩፉስ-ሶፊርን፣ ማለትም የፉጨት ፊደላትን ታውቃላችሁ፦ ሷድ፣ ዛይ እና ሲን። ስማቸው ራሱ ፊዚክሱን ይናገራል። የሲን ፉጨት በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ የሚኖር ድምፅ ነው። ሣእ ደግሞ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጫፍ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ፣ ከሲን የደከመና በሰፊው የተበተነ እስትንፋስ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ነገር ያለው በከፍተኛው ድግግሞሽ በኩል ነው። እዚያ ያለው ድምፅ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ጆሮ የሚይዘው የለውም። «ኢስም» ስም ነው፤ «ኢሥም» ወንጀል ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያ እስትንፋስ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት ስልክ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ስማችንን በስልክ ስናስመዘግብ «ፍ ነው ስ?» ተብለን የምንጠየቀው ለዚህ ነው። የደዋዩ ድምፅ ጮክ ቢል ጥያቄው አይቀርም፤ የጎደለው የድምፁ ክፍል በጩኸት አይመጣምና።

በእህቶች ክፍል የሆነውም ይኸው ነው። እኛ የጨመርነው የሚሰማውን ነበር፤ የጎደለውን አልነበረም።

አንድ ሳጥን፣ ሁለት ሠራተኛ

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር፣ የ3000 ኸርዝ ሞገድ 11 ሳንቲ ሜትር፣ የ10,000 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ 3.4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ረጅሙን ሞገድ ለመፍጠር ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህም ሰፊና ጠንካራ የወረቀት ሾጣጣ ይጠይቃል። ሾጣጣው ሰፊ ሲሆን ግን ይከብዳል፤ በሴኮንድ አሥር ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማለት ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ፣ ሞገዱ ከሾጣጣው ስፋት ሲያጥር ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይወረወራል፤ ጎን የተቀመጠ ሰው አያገኘውም።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ዉፈር ዝቅተኛውን፣ ትንሹ ትዊተር ከፍተኛውን ይይዛል። በሚናራ ላይ የሚሰቀለው ጥሩንባ ብዙውን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው ያለው። የተሠራው አዛንን ሩቅ ለማድረስ ነውና ለዚያ ይበቃዋል፤ መኻሪጅ ለማስተማር ግን አልተሠራም።

ይህ የሥራ ክፍፍል የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሲኒማ አዳራሾች በሁለት የተከፈሉ ግዙፍ ስፒከሮችን ይጠቀሙ ነበር። በ1958 አኮስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤአር-3 በተሰኘው ሳጥኑ ጉልላት መሰል ትዊተርን ወደ ሳሎን አስገባ። ዛሬ አሮጌ የምንላቸው የቤት ስፒከሮች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ክሮስኦቨር፦ የድምፅ ወንፊት

ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ሽቦ ግን አንድ ነው፤ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ድምፅ በአንድነት ይመጣበታል። ለየሠራተኛው ድርሻውን የሚያካፍለው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ክሮስኦቨር ነው። ዋና ዕቃዎቹ ሁለት ናቸው።

ካፓሲተር ዝቅተኛ ድግግሞሽን ያግዳል፣ ከፍተኛውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በትዊተሩ መንገድ ላይ ይቆማል። ኮይል፣ ማለትም የመዳብ ሽቦ ጥቅልል፣ በተቃራኒው ዝቅተኛውን አሳልፎ ከፍተኛውን ያግዳል፤ እሱ በዉፈሩ መንገድ ላይ ይቆማል። ዱቄት ስንነፋ ወንፊቱ ደቃቁን አሳልፎ ሸካራውን እንደሚያስቀር ማለት ነው።

ወንፊቱ የት ላይ እንደሚለይ የሚወስነው የዕቃዎቹ መጠን ነው። ትዊተሩን 8 ኦም ብለን ብንወስድና በ3000 ኸርዝ ላይ ልንለይ ብንፈልግ፣ 1ን ለ(6.28 × 3000 × 8) እናካፍላለን፤ 6.6 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ይህ አንድ ካፓሲተር ብቻ ያለው ቀላሉ ወንፊት ነው። ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁን በ6 ዴሲቤል ያዳክማል። ለትንሽ ትዊተር ይህ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ከካፓሲተሩ ቀጥሎ፣ ከትዊተሩ ጎን ለጎን አንድ ኮይል ይጨመራል። ከካፓሲተሩ ሾልኮ ያለፈውን ዝቅተኛ ድምፅ ኮይሉ በአቋራጭ ይመልሰዋል፤ መዳከሙም 12 ዴሲቤል ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ፣ በተርወርዝ በሚባለው አሠራር፣ በ8 ኦምና በ3000 ኸርዝ ስሌቱ የሚሰጠን 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 0.6 ሚሊሄንሪ ኮይል ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልን።

ሳጥኖቹን ስንከፍት

ትዊተሩ ዝም ካለ በኋላ ሁለቱንም ሳጥኖች ጎን ለጎን አድርገን ከፈትን። የወንድሞች ሳጥን ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተነካም። የእህቶቹ ግን እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት በአንድ ጥገና ቤት እጅ ያለፈ ነው፤ ብየዳው ይለያል። ባልተነካው ውስጥ ከትዊተሩ ፊት የቆመው ካፓሲተር ላይ 4.7 ይላል። ኮይሉን በላቦራቶሪ ስንለካው 0.6 ሚሊሄንሪ ሆኖ ተገኘ። በእህቶቹ ሳጥን ኮይሉ ያው ነው፤ ካፓሲተሩ ግን 10 ማይክሮፋራድ ነበር።

ምናልባት ጠጋኙ 4.7 አጥቶ ይሆናል፤ ወይም ትልቅ ቁጥር የተሻለ መስሎት። ስሌቱ የሚለው ሌላ ነው። በ10 ማይክሮፋራድ የመለያው ነጥብ ከ3000 ወደ 2050 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። በ1000 ኸርዝና ከዚያ በታች ባለው ድምፅ፣ ወደ ትዊተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ሽቦውን የሚያሞቀው ኃይል ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። የትዊተር ጥቅልል ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። እኛ ድምፅ በጨመርን ቁጥር ያ ሽቦ የማይችለውን ሸክም ተሸከመ። ሲን ሲመጣ ድምፁ ይሰነጠቅ የነበረውም ለዚሁ ነው። በመጨረሻም ተቃጠለ።

የጀመረው ጠጋኙ ቢሆንም የጨረስነው እኛ ነን።

የቀዩ ሽቦ ትምህርት

ስህተታችን በዚህ አላበቃም። ሁለቱን ሳጥኖች ስናስተያይ ሌላ ልዩነት አየን። በእህቶቹ ሳጥን ቀዩ ሽቦ የተበየደው በትዊተሩ ፖዘቲቭ ላይ ነው። ባልተነካው ሳጥን ግን ቀዩ የገባው በኔጌቲቩ ነው። «ፋብሪካው ተሳስቷል» አልንና ያልተነካውን ሳጥን አስተካከልነው። ማታ ደርስ ሲጀመር የኡስታዙ ድምፅ በወንድሞች አዳራሽም ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ሆነ።

በማግስቱ ያቺው እህት ነጭ ሰሌዳው ላይ ሥላ አስረዳችን። በ12 ዴሲቤሉ ወንፊት፣ ልክ በመለያው ነጥብ ላይ፣ የዉፈሩ ድምፅ በሩብ ዙር ወደ ኋላ ይዘገያል፤ የትዊተሩ በሩብ ዙር ይቀድማል። በመካከላቸው የግማሽ ዙር፣ ማለትም የ180 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፁም ይጣፋል። ስለዚህ የሳጥኑ መሐንዲስ ትዊተሩን ሆን ብሎ ገልብጦ አገናኘው፤ ሁለቱ አብረው እንዲገፉ። ስህተት ያልነው መፍትሔው ኖሯል። ጠጋኙም እኛም የገባንበት ጉድጓድ አንድ ነው፦ ለምን እንደተደረገ ሳንጠይቅ ማስተካከል።

ወንፊቱ ሲለያይ ይህ ደንብም ይለያያል። የሒውሌት-ፓካርድ መሐንዲሶች የነበሩት ሊንክዊትዝ እና ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ባስተዋወቁት አሠራር፣ 24 ዴሲቤል የሚያዳክመው ዓይነት ሁለቱን ድምፆች በአንድ ፌዝ ስለሚያደርሳቸው መገልበጥ አያሻውም። ስለዚህ «ትዊተር ሁልጊዜ ይገለበጣል» ወይም «በፍጹም አይገለበጥም» የሚል ፍርድ የለም። መጀመሪያ የያዝነው ወንፊት የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ምን ለወጥን? ምን ተውን?

በአሮጌ ክሮስኦቨር ውስጥ ሁሉም ዕቃ እኩል አያረጅም። ኮይል ሽቦ ነው፤ ካልተበጠሰ ወይም ካልተቃጠለ አርባ ዓመት ምንም አይለውጠውም። ስለዚህ አልነካናቸውም። «የተሻለ» ወፍራም ኮይል መግዛት እንኳ የራሱ የሽቦው ተቃውሞ ስለሚለይ የሳጥኑን ሚዛን ያዛባል። የሚያረጀው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ መጠኑ ይዛባል፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ያልተነካው ሳጥን 4.7 የሚለው ካፓሲተር ሲለካ 5.5 ማይክሮፋራድ፣ ውስጣዊ ተቃውሞው 2.5 ኦም ደርሶ ነበር። ያ 2.5 ኦም ከ8 ኦም ትዊተር ፊት ሲቆም ከፍተኛውን ድምፅ በ2.4 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል። ወንድሞችም ሳናውቀው የደበዘዘ ድምፅ ስንሰማ ኖረናል ማለት ነው።

አዲሱን ካፓሲተር ከፊልም ዓይነት መረጥን፤ ይህ ፈሳሽ የለውምና አይደርቅም። 4.7 ስላላገኘን 3.3 እና 1.5ን ጎን ለጎን በየድን፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ስለሚደመሩ 4.8 ሆነ፤ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። ፊልም ለማያገኝ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ኤሌክትሮላይቲኮችን ኔጌቲቭ ለኔጌቲቭ አያይዞ በተከታታይ ቢያገናኛቸው 5 ማይክሮፋራድ ገደማ የሆነ ፖላሪቲ የሌለው ካፓሲተር ያገኛል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ያለውን አንዱን ብቻውን ማስገባት ግን ስህተት ነው፤ የድምፅ ከረንት ወዲያና ወዲህ የሚል ነውና ይበላሻል።

ከባዱ ነገር ትዊተሩ ነበር። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞረን ልኩ የሚገጥም፣ 8 ኦም የሆነ፣ ያገለገለ ትዊተር አገኘን። ልኩና ኦሙ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። የትዊተሩ የራሱ የተፈጥሮ ንዝረት ከመለያው ነጥብ በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ ለ3000 ኸርዝ ከ1500 በታች ቢሆን ይመረጣል። የእኛው ይህን አሟላ፤ ግን ከቀድሞው 3 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል። ይህን ለማስታገስ ከፊቱ 2.2 ኦም ሬዚስተር፣ ከጎኑ ደግሞ 20 ኦም አቆምን። ለምን ሁለት? ከፊት አንድ ብቻ ብናቆም ድምፁ ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን ክሮስኦቨሩ የሚያየው ሸክም ከ8 ኦም ወደ ላይ ስለሚወጣ የመለያው ነጥብ ይናወጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሸክሙ 7.9 ኦም ላይ ይቆያል፤ ወንፊቱም እንዳለ ይኖራል።

በመጨረሻ የሁለቱንም ሳጥኖች ትዊተር መሐንዲሱ እንዳሰበው ገልብጠን በየድን።

እናንተ ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት

1. አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ። በውስጡ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው፣ እንደ ሞንታርቦ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ስፒከር ከሆነ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር አትክፈቱት፤ በውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

2. ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ዑደቱን በወረቀት ሣሉ። የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ሳትሥሉ ምንም አትፍቱ።

3. ሳጥኖቹ ጥንድ ከሆኑ አንዱን ብቻ ክፈቱ፤ ሌላው ምስክር ይሁናችሁ። ቁርኣን የሚሐፍዙ ሁለት ተማሪዎች እርስ በርስ እንደሚያራርሙት፣ ያልተነካው ሳጥን የተነካውን ያርመዋል።

4. ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ አቀያይሩ። ችግሩ ሳጥኑን ተከትሎ ከሄደ በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ቦታው ላይ ከቀረ በሽቦው፣ በአምፕሊፋየሩ ወይም በክፍሉ ነው።

5. ቀላሉን አስቀድሙ። የክረምት እርጥበት ማገናኛዎችንና የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎችን ያዝጋል። ብዙ «የተበላሸ» ስፒከር የሚፈልገው ማጽዳት ብቻ ነው።

6. የዉፈሩን አቅጣጫ በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት በመንካት ማወቅ ይቻላል፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ ሾጣጣው ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ይወጣል። በትዊተር ላይ ግን ይህን አትሞክሩ።

7. ካፓሲተር ስትለውጡ የተጻፈበትን መጠን ጠብቁ፤ ቮልቴጁ ከቀድሞው አይነስ። ጥንዶቹን አብራችሁ ለውጡ።

8. ጨርሳችሁ ከማገናኘታችሁ በፊት የሳጥኑን ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር ለኩ። ባለ 8 ኦም ሳጥን ከ5 እስከ 7 ኦም አካባቢ ያሳያል። ዜሮ አጠገብ ካሳየ የተነካካ ሽቦ አለ፤ አምፕሊፋየሩን ያቃጥላል።

ፈተናው

ሥራው ሲያልቅ በመሣሪያ ለካን፤ ፈተናው ግን የተጅዊዱ ደርስ ነበር። ኡስታዙ በወንድሞች አዳራሽ ተቀምጦ በሲን፣ በሣእና በሷድ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን አንድ በአንድ አነበበ። እህቶች በክፍላቸው ሆነው የሰሙትን ጻፉ። የድምፁ መጠን ቀድሞ ከነበረበት በጣም ዝቅ ብሏል። ወረቀቱ ሲሰበሰብ «ኢስም» በቦታው፣ «ኢሥም» በቦታው ነበር።

ከወረቀቶቹ በአንደኛው ግርጌ የተጻፈችውን ጥያቄ ግን መመለስ አቃተን፦ «ታዲያ ያለፉትን ሳምንታት ደርስ ማን ይደግምልናል?» ኡስታዙ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሊጀምርላቸው ተስማምቷል። እኛም እያንዳንዱ ደርስ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወንድም በአዳራሹ፣ አንዲት እህት በክፍሏ ሆነው ድምፁን አድምጠው እንዲያረጋግጡ ወስነናል። ሳጥኖቹ አማና ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ቃል ደግሞ ከሳጥኖቹ የከበደ አማና ነው። ኢትቃን ማለትም በዚህ ይጀምራል፦ «አይለይም» ያለችንን እህት ቃሏን ተቀብለን ሄዶ በማድመጥ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።